የአልባን ተራ

እኛ የአክልተን፣ የእንግሊዝ ገጠር መንደር፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋዮች በዓመት አንድ ቅዳሜ መንደራችንን ጥለን እንጠፋለን። ሚኒባስ ተከራይተን ወደ አሮጌዎቹ ከተሞች እንሄዳለን፤ ግንብ እናያለን፣ ፍርስራሽ እናያለን፣ ኬክ እንበላለን። ዋናው ጉዳያችን ግን በደረስንበት ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ ወጥተን የሰው ደወል መደወል ነው። ዓመቱን ሙሉ ገመድ ሲጎትት የከረመ ሰው፣ ሽርሽር ብሎ ሌላ ገመድ ሊጎትት ይሄዳል ቢባል ማንም አያምንም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ "እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ስድስት ደወል፣ ስድስት ሰው። ድምፁ ከትንሹ ይጀምርና በተራ እየወፈረ ይመጣል፤ ትልቁ ዙሩን ይዘጋዋል፣ ከዚያ እንደገና ከትንሹ። ትንሹን የምትደውለው ዳፍኒ ናት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ሁለተኛውን ኦልዌን፣ ሦስተኛውን መካኒኩ አይቨር፣ አራተኛውን የኦልዌን ባል ሰድሪክ ይደውላል። ሰድሪክ ሥጋ ሻጭም የቡድኑ አለቃም ነው። አምስተኛው የኔ የሄስተር ነው። ስድስተኛውን፣ ትልቁን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የደወለው ታላቅ ወንድሜ አልባን ነበር። በየካቲት ሞተ።

የሚያሳፍረኝን ነገር አሁኑኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ከመሞቱ አሥር ወር በፊት፣ አንድ ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ፣ አልባን እንደገና ዘገየ። እኔ አምስተኛውን መትቼ የሱን እጠብቃለሁ፤ የሱ ደወል ግን እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ቀድሞም ሁለት ሦስት ሳምንት ችዬው ነበር። ያን ማታ ግን ትዕግሥቴ አለቀና በሰው ሁሉ ፊት፣ "ወይ ደንቁረሃል፣ ወይ ሰንፈሃል! ሰድሪክ፣ ይህን ሰው ከትልቁ ላይ አንሣልን፣ መሳቂያ አደረገን!" አልኩ። አልባን ገመዱን ጠቅልሎ መስቀያው ላይ ሰቀለ፣ ኮቱን ለበሰ፣ "ደህና እደሩ" ብሎ ደረጃውን ወረደ። ተመልሶም አልመጣም።

ቤቱ ከኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። አሥር ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ለገና አንድ ብልቃጥ የፕሪም ማርማላታ በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር፤ አንሥቼ መልሼ የሱ በር ላይ አስቀመጥኩት። ምን ነክቶኝ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። ግትርነት ከቤታችን የወረስነው ነገር ነው። በየካቲት ሆስፒታል ሲገባ ነው የክንዱ ጡንቻ ሲሞት እንደከረመ የሰማሁት። ያኔ ሐሙስ ማታም እጁ እየከዳው ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። እንግዲህ እኔ በሰው ፊት ያዋረድኩት እየሞተ ያለ ሰው ነው። ልጠይቀው ስሄድ ነርሷ በሩ ላይ ጠብቃኝ ወንበር ሰጠችኝ፤ ወንበር ስትሰጠኝ መሞቱ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አልነበረም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠፋሁ ልለው፣ እሱም እንደሰማኝ ማወቅ። ይህ ደግሞ ከሞተ ሰው ጋር የማይሆን ነገር ነው።

አልባን ከሄደ በኋላ በመንደራችን በአምስት ነበር የምንደውለው፣ የሱን ተራ ዘግተን፤ ከአምስተኛው ቀጥታ ወደ አንደኛው። በዚያ ቅዳሜ ጧት ግን ሚኒባሱ ሳይነሣ ሰድሪክ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ዛሬ ተራውን አንዘጋም" አለ። "አምስታችን ከደወልን በኋላ ስድስተኛውን ባዶ እንተውለታለን። አንድ ምት ዝም፣ ከዚያ ዳፍኒ ትጀምራለች። ሄስተር፣ ቅር ይልሻል?"

"ምን ቅር ይለኛል" አልኩ።

መጀመሪያ ብሪጅኖርዝ ገባን። ጎንበስ ብሎ የቀረውን የግንብ ስባሪ አይተን፣ አይቨር ሊደግፈው የሚሞክር መስሎ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ በየዓመቱ አንድ የጅል ሥራ ካልሠራ ጉዞው አይጥመውም። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርደን አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ወጣን። ስድስት ገመዶች ክብ ሠርተው ተንጠልጥለዋል። የትልቁን ገመድ ሰድሪክ ራሱ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ካለው መስቀያ አሰረው።

"ልጀምር ነው" አለች ዳፍኒ። "ጀመርኩ!"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ዝም። ያ ዝምታ በመጣ ቁጥር የወለሉ ሳንቃ ከእግሬ ሥር የጎደለ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ደወልኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ደውለን ሰድሪክ "ቁም!" ሲል ቀና ብዬ አየሁ፤ ኦልዌን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፣ አይቨር መዳፉን ያያል።

"አየሩ ጥሩ ነው፤ የሚዘንብ አይመስልም" አለ ሰድሪክ።

"አዎ፣ የሚዘንብ አይመስልም" አለች ዳፍኒ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

ታች የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ ወይዘሮ ቢቢ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፍልታ፣ ኬክ ቆርጣ ጠበቀችን። እያንዳንዳችንን በዓይኗ ቆጠረችና፣ "ትልቁን የደወለው ሰውዬስ? ሻይ አይጠጣም እንዴ?" አለች።

"ትልቁን የደወለ የለም" አልኳት። "አምስት ነን።"

"ኧረ ተዪኝ! ሳህኖቹን እያደረቅኩ ስሰማው አልነበር? መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ!"

ማንም አልተናገረም። ሰድሪክ ኬኩን አመሰገነ። አይቨር ኬኩን አመሰገነ። ኦልዌን ኬኩ ሎሚ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ ሎሚ የለበትም አለች። እኔ ደግሞ፣ አይ እርጅና፣ እስከ ስድስት መቁጠር አቅቷታል ብዬ በልቤ ስቄባት ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ከተማ መች ዌንሎክ የምትባለው ነበረች። ከማማው ስንወርድ አንድ ሽማግሌ የአጥሩን ቁጥቋጦ በትልቅ መቀስ ሲከረክሙ ደረስን። ቆባቸውን ነካ አደረጉ።

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ። "የትልቁ ነገር ብቻ ነው። የያዘው ሰው ወይ አርጅቷል ወይ አሞታል። ይዘገያል።"

ነደደኝ፤ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ስፈራ እቆጣለሁ።

"እርስዎ የሚሉት ደወል አልተደወለም! ገመዱ እንደታሰረ ነው፣ ወጥተው ይዩት!"

"የኔ እመቤት፣ እዚህ ማማ ሥር ነው ተወልጄ ያረጀሁት። የተደወለና ያልተደወለ ለይቼ አውቃለሁ።" ተመልሰው ወደ ቁጥቋጧቸው ዞሩ።

ወደ ጓደኞቼ ዞርኩ። "ሰማችሁ የሚሉትን?"

"እንቁላል ሳንድዊች የሚፈልግ አለ?" አለ አይቨር።

አገሬን አውቃለሁ። እኛ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ቢሞት፣ ሻይው እንዳይቀዘቅዝ ብለን በጎኑ የምናልፍ ሰዎች ነን። የሰው ቁስል ላለመንካት የማንለው የለም፣ ቁስሉን ብቻ ነው የማንለው። የአይቨርን እንቁላል ሳንድዊች ሳይ ግን እኒህ ሰዎች ከጧት ጀምሮ አንድ ነገር እየደበቁኝ እንደሆነ ገባኝ። ኦልዌን ዓይኗ ቀልቷል። ሰድሪክ ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥጋ ዋጋ አላወራም።

ምሳችንን የድሮው ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ ከሌለው ግድግዳ ሥር ሣር ላይ በላን። ዳፍኒ ብቻዋን ከፍርስራሹ የቀረውን የድንጋይ ቅስት ልታይ ስትሄድ ተከተልኳት። ዳፍኒን የመረጥኩት ውሸት ስለማይሆንላት ነው፤ አርባ ዓመት ልጆች አትዋሹ ስትል ኖራ ራሷን አስለምዳለች።

"ዳፍኒ፣ ምንድን ነው የምትደብቁኝ?"

"ይህ ቅስት የስንተኛው ዘመን ይመስልሻል?"

"ዳፍኒ!"

ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። "ሄስተርዬ፣ እኛ አንቺም የምትሰሚው መስሎን ነበር እኮ። ታውቂያለሽ፣ ግን ማንሣት አልፈለግሽም ብለን። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያሰብነው።"

"ምኑን?"

"ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ።" እንባዋ መጣ። "የኔ ተራ ከመድረሱ በፊት፣ እዚያ ባዶው ላይ፣ ይመታል። ትልቁ። ገመዱ ንቅንቅ አይልም፣ ግን ይመታል። እሱ ሳይጨርስ መጀመር እያቃተኝ እኮ ነው።"

"ይዘገያል?"

ቅስቱን ቀና ብላ አየች።

"ይዘገያል ወይ ነው የምልሽ!"

"ይዘገያል" አለች። "ልክ እንደ ያኔው።"

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። የመንፈስ ነገር ቢሆን ኖሮ በፈራሁ፣ ፈርቼም በቀለለኝ። የኔ ነገር ሌላ ነው። ወይዘሮ ቢቢ ሰማችው። መቀስ የያዙት ሽማግሌ ሰሙት። ለአልባን ምኑም ያልሆነ አይቨር ሰማው። እኔ፣ ከአንድ እናት የተወለድኩት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአጠገቡ ቆሜ ከሱ በፊት የመታሁት፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። አሥር ወር እንደዘጋኝ ሞቶም ዘግቶኛል ማለት ነው። ይገባኛልም፤ ማርማላታውን እኔ አይደለሁ የመለስኩት?

"ወደ ቤት እንመለስ?" አለች ዳፍኒ እጄን ይዛ።

"ላድሎ ከተማ ይቀረናል" አልኩ። "እንሄዳለን።"

ላድሎ ቅዳሜ ገበያ ነው። ያ ሁሉ በእንጨት የታሰረ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያዘነበለ ቤት፣ ያ ግንብ፣ ያ የቋሊማ ሽታ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመደብ ወደ መደብ ስዞር ሰው ይፈልገኝ ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱን ያቋረጥኩት የአይቨርን ጀርባ እያየሁ ነው። ከዳገቱ በታች ያለችው ቤተ ክርስቲያን ደረስን፣ ወጣን፣ ሰድሪክ የትልቁን ገመድ አሰረ።

"ልጀምር ነው። ጀመርኩ!"

በዚህኛው ዓይኔን መሬት ላይ አልተከልኩም። አምስተኛውን እየመታሁ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። ዝም። እንደገና፣ ዝም። እኔ የምሰማው ገመዶቹ ጣሪያውን ሲታከኩና የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሳያቸው ግን፣ ባዶው በደረሰ ቁጥር የአራቱም ዓይን አብሮ ወደ ታሰረው ገመድ ይሄዳል፤ ኦልዌን አንዴ ፈገግ አለች፣ ሰው ለሚወደው ሰው እንደሚያደርገው። ቀናሁ። አዎ፣ በራሴ ወንድም ቀናሁባት።

"ቁም!" አልኩ፤ ማለት የነበረበት ሰድሪክ ነው። ሁሉም አቆሙ።

"እናንተ ደውሉ" አልኳቸው። "እኔ ወደ ታች ልውረድ። የኔንም ተራ ባዶ ተዉት፣ የሱንም ተዉለት። አራት፣ ከዚያ ሁለት ባዶ። እኔ ካጠገቡ ስቆም እንቢ ካለኝ፣ ምናልባት ከውጭ እሰማው ይሆናል።"

ሰድሪክ አፉን ከፈተ፣ ስለ አየሩ ሊናገር መሰለኝ። "ሂጂ" አለ። "እስክትመለሺ እንደውላለን።"

ከማማው ሥር፣ ከመቃብሮቹ ማዶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አንዲት የገበያ ሴት መደቧን ዘግታ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ የድንች ጥብስ ከወረቀት እየበላች ተቀምጣለች። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ደወሉ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዝም፣ ዝም። ጆሮዬን ወደ ላይ አቀናሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዝም፣ ዝም።

ሴትዮዋ ድንቿን ይዛ አዳመጠች። "አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል" አለች።

"አንድ?"

"አዎ፣ ከትልቁ በፊት ያለው። ያኛው ቦታ ባዶ ነው። አንዱ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ይሆናል።" ሳቀች።

የጎደልኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ቦታው ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ሰው አለ የለም አላልኩም። ማማውን ቀና ብዬ አየሁና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በአደባባይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ከዚያች ሐሙስ ማታ በቀር።

"አልባን!" አልኩ። "አጠፋሁ። ገመዱን ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። እንዳመመህ አላውቅም ነበር። ቢሆንም፣ ጤነኛም ብትሆን እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። ማርማላታህንም መመለስ አልነበረብኝም፤ በሩ ላይ አስቀምጬ ስሄድ በመጋረጃው ውስጥ እንዳየኸኝ አውቃለሁ፣ አይቼሃለሁ። የፈለግከውን ያህል ዘግይ፣ ሰምተኸኛል? የፈለግከውን ያህል። እጠብቅሃለሁ።"

ሴትዮዋ መብላቷን አቆመች። ከማታውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጣ ያ ሰው ለአየር ሲያወራ የምታይ የአገሬ ሴት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ።

"ድንች ብዪ፣ የኔ እናት። ኮምጣጤ አለበት።"

አንድ ድንች አነሣሁ። ከላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዝም፣ ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዝም፣ ዝም። ለኔ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሴትዮዋ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

"ውይ፣ ቆመ" አለች።

"ምኑ?"

"ትልቁ። ዝም አለ። አሁን አራቱ ብቻ ናቸው።" ትንሽ ጠበቀች። "አዎ፣ ተወው። ደክሞት ይሆናል።"

ድንቹን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ሰምቶኛል ማለት ነው። ወዲያው አራቱም ተንገዳገዱ፣ ምታቸው ተበላሸ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጨ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቆሙ። ሰድሪክ እንደዚያ የተበላሸ ምት በሕይወቱ አስደውሎ አያውቅም። ላይኛው መስኮት ላይ የኦልዌን ፊት ብቅ ብሎ ወደ ታች ወደኔ ሲፈልግ አየሁት።

"እንዴት ነበር ድምፁ?" አልኳት ሴትዮዋን። "የትልቁ። እስቲ ንገሪኝ።"

"አልሰማሽውም እንዴ? እዚሁ ተቀምጠሽ?"

"አልሰማሁትም።"

አየችኝ። እንባዬን ሳትደነግጥ አየችው፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ አላየችም፣ ስለ አየሩም አላነሣችም።

"ያሳዝናል ያመለጠሽ" አለች። "ደስ የሚል ድምፅ ነበረው።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ወንድሜ ነው።"